ድንኳን የማይተከልለት ሐዘን

ተነጋጋሪዎቹን ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ፤ ቤታቸውን ፈልጎ የሚያገኝ የለም። የሚያነሷቸው ዓመታትና በስም የሚጠሯቸው ሟቾች ግን የአገር ታሪክ ናቸው። ሰብሳቢዋ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የሰንበቴ ማኅበርተኛ። ጸሐፊው በመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊነት ሲያገለግሉ ቆይተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁለቱም አምቦ ውስጥ የአንድ ሰፈር እድርተኞች ናቸው። የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠዋል። ትናንት ከሰልስት የተመለሰው ድንኳን ዝናብ ስላገኘው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። መዝገቡ በጸሐፊው ጉልበት ላይ ነው።

ሰብሳቢዋ፦ ወንጌላዊ፣ አጀንዳውን ጨረሱ?

ጸሐፊው፦ ሦስቱን ጽፌያለሁ፤ የድንኳኑ ገመድ፣ የተሰበሩት ወንበሮች፣ የወር መዋጮው ጭማሪ። አራተኛውን እንዴት ብዬ ልጻፈው እትዬ? «ሞቷል» ብዬ አልጽፍ፣ «አለ» ብዬ አልጽፍ።

ሰብሳቢዋ፦ «ደብዛው የጠፋ» ይበሉት።

ጸሐፊው፦ ደንባችን እንዲህ ያለውን አያውቅም። አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ብር ይከፈላል፤ በቃ። እዚህ መዝገብ ላይ የምሞላው ስም፣ የሞተበት ቀን፣ የተከፈለ ገንዘብና የተቀባይ ፊርማ ነው። ልጁ ከቤት የወጣበትን ቀን እናቱ ትነግረኛለች። የሞተበትንስ ማን ይነግረኛል?

ሰብሳቢዋ፦ እሷ እኮ ብር አልጠየቀችም። ነገሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሑድ ሰንበቴ ተራዋ ደርሶ ዳቦና ጠላዋን ይዛ መጣች። ከቀመስን በኋላ ቄሱ እንደ ልማዳቸው «የሞቱትን ነፍስ ይማር፣ ያሉትን ዕድሜ ይስጥ» ብለው መረቁ። ሁላችንም አሜን አልን፣ እሷ ዝም አለች። አጠገቧ ነበርኩ። ልጇን ከየትኞቹ ጋር እንደምትቆጥረው ጠፍቷት ነው።

ጸሐፊው፦ ሕግ ዐዋቂ ጠይቄ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲታወጅ ማመልከት ይቻላል ይላል። ልጁ ከጠፋ ሦስት ዓመት አለፈው። ያን ወረቀት ካመጣችልኝ መዝገቡ ውስጥ የማስገባበት ቀዳዳ አላጣም።

ሰብሳቢዋ፦ ልጄ ጠፍቷል ብላ ማኅተም ታስመታ ነው የሚሉት? ይቺ ሴት እስከ ዛሬ የልጇን አንሶላ በየሳምንቱ ታጥባለች። ማንም ያልተኛበትን አንሶላ!

ጸሐፊው፦ እሱስ ልክ ነዎት። ግን እድር ወይ ሐዘን አለ ይላል፣ ወይ የለም ይላል። መሀል የለውም።

ሰብሳቢዋ፦ እድር እንደዚያ ይበል። ቤተ ክርስቲያን ግን መሀል ላይ ያለውን ሰው የት ታደርገዋለች? የእርስዎም፣ የእኔም።

ጸሐፊው፦ ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ቄስ ጉዲና ቱምሳን ያውቃሉ፤ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ማታ፣ አዲስ አበባ ኡራኤል ካለችው ቤተ ክርስቲያናችን አገልግለው ሲወጡ ደርግ አፈናቸው። ቀደም ብሎ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር፤ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ሞቱ የሚል የለ፣ አሉ የሚል የለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ራሳቸው ታስረው ዐሥር ዓመት ገደማ ከረሙ። አጽማቸው ከተጣለበት የወጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ 13 ዓመት ቆይቶ። 13 ዓመት ድንኳን አልተተከለ፣ ሰልስት የለ፣ አርባ የለ። እርግጥ አርባ የእናንተ ነው።

ሰብሳቢዋ፦ የእኛም ፓትርያርክ እንደዚያው ናቸው። አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ከመንበራቸው አውርደው አሰሯቸው፤ በዚያው በ1971 ክረምት ገደሏቸው። አጽማቸው ተገኝቶ ጎፋ ገብርኤል ያረፈው ከደርግ በኋላ ነው። እኔን ግን ከመገደላቸው ይልቅ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በሕይወት እስር ቤት እያሉ ሌላ ፓትርያርክ ተሾመ። የጠፋው አባት የት ነው ሳይባል ወንበሩ ሞላ። የዚያን ጊዜ ፍርሃት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አልፈርድም። ግን ቤተ ክርስቲያን አባቷን ያልጠየቀችበት ጊዜ ነበር ብዬ ለልጆቼ እናገራለሁ።

ጸሐፊው፦ አሁን ወደ እኔ ሐሳብ መጡ። መጠየቅ ነው ያለብን። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ደብዳቤ፣ የዚህች እናት ልጅ የት ነው ብለው ለሚመለከተው ይጻፉ። ንፍሮ እያዞርን «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ማለት ብቻ ከሆነ፣ አጥፊውም ያንን አይጠላውም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በ1964 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ አለ። የውጭ ረጂዎች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ሲሰጡ፣ ለወንጌል ሥራ እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ቄስ ጉዲናና ጓደኞቻቸው ያን ጊዜ የተከራከሩት ሰው ለሁለት አይከፈልም ብለው ነው። ሆዱን አብልታችሁ ነፍሱን፣ ነፍሱን ሰብካችሁ ሆዱን አትተዉት። እኔ አንድ ልጨምር፤ እንባውን ጠርጋችሁ ጥያቄውን አትተዉት።

ሰብሳቢዋ፦ ይህን የሚሉት ጡረታ ስለወጡ እንዳይሆን።

ጸሐፊው፦ (ይስቃሉ) ይሁን፣ እሱም አለበት።

ሰብሳቢዋ፦ ደብዳቤው ላይ የማን ስም ይሰፍራል? የእሷ ነው። ከደብዳቤው በኋላ ሌሊት በሯ ቢንኳኳ ከፋቿ እሷ ናት፤ እርስዎም እኔም አይደለንም። በ2006 ሚያዝያ እዚሁ አምቦ የሆነውን አይተናል። ተማሪው የአዲስ አበባውን ማስተር ፕላን ተቃውሞ ወጣ፣ ተኩስ መጣ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ መንግሥት አንድ ይላል፣ ሰው ሌላ። ያን ሰሞን ለቅሶ ቤት መግባት ራሱ ስም ማስመዝገብ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር። አስከሬን ወጣ፣ ቀባሪው ግን በጣት የሚቆጠር። ሁለት ሰው ሲሞት ሰፈሩን የሚያጥለቀልቅ ከተማ፣ ያን ጊዜ በመስኮት ነው ያለቀሰው።

ጸሐፊው፦ እኔም ከመስኮት ካለቀሱት አንዱ ነኝ።

ሰብሳቢዋ፦ ያኔ በር አንኳኩተው የገቡትን እነማን እንደሆኑ ያስታውሳሉ? የሰንበቴዋ ባልቴቶች ናቸው። ነጠላ ዘቅዝቀው፣ እንጀራ በመሶብ አሸክመው። ማን ገደለው፣ የማን ደጋፊ ነበር፣ ድንጋይ ወርውሯል አልወረወረም ብለው አልጠየቁም። ገብተው ተቀመጡ። ተራ በተራ፣ ሌሊቱንም ጭምር። ፖለቲካ ስለማያውቁ እንዳይመስልዎት፤ ከእኔና ከእርስዎ ይልቅ ያውቃሉ።

ጸሐፊው፦ አልክድም። ግን መቀመጥ እንዲያውም አነሰ ብለን እንጨምርበት ነው የምለው። በ2008 ህዳር ጊንጪ ላይ በጭሊሞ ደንና በኳስ ሜዳው ጉዳይ የተነሳው፣ ዓመት ሳይሞላ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። በ2010 ጥቅምት ደግሞ ስኳር በጫኑት መኪናዎች ምክንያት እዚህ እንደገና ደም ፈሰሰ። ቀጥሎ 2012 አለ። በየጊዜው ባልቴቶቹ ይቀመጣሉ፣ በየጊዜው አዲስ ሐዘንተኛ ይመጣል። መቀመጡ መሞቱን አላስቆመም።

ሰብሳቢዋ፦ ደብዳቤውስ ያስቆማል?

ጸሐፊው፦ ላያስቆም ይችላል። ግን ከዝምታ ጋር አብረን እንዳንቆጠር ያደርጋል። በ1986 ሩዋንዳ ውስጥ ሰው ነፍሴን ያተርፍልኛል ብሎ ንያማታና ንታራማ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ እዚያው መቅደሱ ውስጥ በሺህ እየተቆጠረ አለቀ። ሕንፃው መጠለያ የሚሆነው የውስጡ ሰው አስቀድሞ አፍ ካለው ነው።

(ሰብሳቢዋ ለጥቂት ጊዜ አልመለሱም። ድንኳኑን ሄደው አገላበጡትና ተመለሱ።)

ሰብሳቢዋ፦ የድምፃዊውን የሃጫሉ ሁንዴሳን ጊዜ ላስታውስዎት። ሰኔ 22 ቀን 2012 ማታ አዲስ አበባ ተገደለ፤ ሰኔ 25 እዚህ ተቀበረ። በልጅነቱ ታስሮ አምስት ዓመት የከረመባት፣ የተወለደባት ከተማ ናት። ያን ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቷል፣ ኮሮና አለ፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው። አንድ ከተማ እንዳለ ለቅሶ ላይ ነው፣ ግን እጅ ለእጅ መያያዝ አይቻልም። እኔ የገረመኝ መርዶው ነው። መርዶ ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌዎች ሳይነጋ ይሄዳሉ፣ ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ እናት ብቻዋን ሆና አትሰማም። ፌስቡክ ይህን ሁሉ አፍርሶት ነበር፤ እናት የልጇን ሬሳ ስልክ ላይ ታያለች። ኢንተርኔቱ በተዘጋ ሰሞን በየቤቱ ያረዳው እንደ ድሮው በእግር የሄደ ሽማግሌ ነው። የእናንተም የእኛም፣ ማስክ አድርገው፣ በር ላይ ቆመው።

ጸሐፊው፦ መዘጋቱን ሊያመሰግኑ ነው እንዴ?

ሰብሳቢዋ፦ ኧረ እግዚኦ! የዘጋው ለሐዘንተኛ አዝኖ አይደለም። ግን የጠፋ ልጅ መርዶ ነጋሪ የለውም ልልዎት ነው። ይልቁንስ በየወሩ አንድ ሰው ይደውልላታል። አንዱ «ጌዶ አይቼዋለሁ» ይላል፣ ሌላው «ባኮ ታሞ ተኝቷል»፣ ሦስተኛው «እኔ ጋ ነው፣ ማሳከሚያ ላኪ»። ላከች። ጌዶ ድረስ ሄደች፣ ብቻዋን፤ የተነገራት ሰው ስልኩን አጠፋባት። ከመናኸሪያው እስከ ክሊኒኩ፣ ከክሊኒኩ እስከ ፖሊስ ጣቢያ ፎቶውን ይዛ ዞረች። ማታ በመጨረሻው ሚኒባስ ተመለሰች። ይህን የሰማሁት ካለፈ በኋላ ነው። የሚነግሩኝ ማስተር ፕላን፣ ስኳር፣ ሩዋንዳ፣ ሁሉም እውነት ነው። ግን ያን ቀን ጌዶ ከእሷ ጋር የሄደ አንድ ክርስቲያን አልነበረም።

ጸሐፊው፦ (መዝገቡን ይዘጋሉ) ይህን አላውቅም ነበር።

ሰብሳቢዋ፦ እስር ቤት በር ላይ ቆመው ያውቃሉ?

ጸሐፊው፦ በወጣትነቴ፣ ወንድሜን ልጠይቅ።

ሰብሳቢዋ፦ እንግዲያው ወረፋውን ያውቁታል። ምሳ ዕቃውን ያስከፍቱሻል፣ ቅመሺ ይሉሻል፣ ከእያንዳንዱ ወጥ አንድ ጉርሻ ትቀምሻለሽ። እኔ ለማላውቀው ልጅ ስንቅ ይዤ ሄጄ «ምኑ ነሽ?» ስባል «የቤተ ክርስቲያን እናቱ ነኝ» አልኩ። ጠባቂው ሳቀ፣ ግን አስገባልኝ። የታሰረ ሰው በር አለው፤ በሩ ላይ መቆም ይቻላል። የሞተ ሰው መቃብር አለው። ለጠፋው የምንቆምበት በር እናቱ ቤት ብቻ ነው።

ጸሐፊው፦ አንድ ነገር ልናገር፣ እንዳይቀየሙኝ።

ሰብሳቢዋ፦ ይናገሩ።

ጸሐፊው፦ እሷ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትጸልየው ግን በኦሮምኛ ነው። እናንተ ጋ ፍትሐቱ በግዕዝ፣ ማጽናኛው በአማርኛ ነው የኖረው። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ካሳተሙ ከ120 ዓመት በላይ ሆነ። የሚሄድላት ሰው በራሷ ቋንቋ የሚያናግራት ይሁን።

ሰብሳቢዋ፦ ምን ያስቀይመኛል፣ እኔስ ከጄልዱ የመጣሁ ኦሮሞ አይደለሁም? ዛሬ ብዙ ደብር በኦሮምኛ ይቀደሳል፣ ይሰበካል። ግን የጎዳን ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። በ2015 ጥር ወሊሶ ላይ ያ ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ የሆነው የጳጳሳት ሹመት ሲደረግ፣ የተነሳው ጥያቄ አንዱ ይኸው የቋንቋ ጉዳይ ነበር። በነነዌ ጾም ጥቁር ልበሱ ተባለ። ከማኅበርተኞቻችን ግማሹ ለበሰ፣ ግማሹ አልለበሰም። የካቲት 8 አባቶች ታረቁ ተባለ፤ ታች ያለነው ግን ለመታረቅ ስንት ወር ፈጀብን። አንድ ለቅሶ ላይ ሁለት የሰንበቴ ሴቶች አንዷ ንፍሮ አንዷ ቡና እያዞሩ ሳይተያዩ ዋሉ። ያን ቀን ሐዘንተኛዋ ራሷ ተነስታ ልታስታርቅ ሞከረች። ሟች ያላት እሷ፣ አስታራቂም እሷ! አፈርኩ።

ጸሐፊው፦ የእኛንም ይስሙ። አባቴ ሲሞት «መናፍቅ አይቀበርም» ተብሎ ሬሳ ይዘን ቀኑን ሙሉ ቦታ ፍለጋ ውለናል። ያን ቂም ይዤ ብዙ ዓመት የኦርቶዶክስ ለቅሶ ላይ በር ላይ ቆሜ ነው የምመለሰው። ውስጥ አልገባም ነበር። ወንጌላዊ ሆኜ! የእኛም ወጣቶች ዛሬ ተዝካር ያለበት እድር ውስጥ አንገባም ብለው የራሳቸውን እያቋቋሙ ነው። ልባቸው ንጹሕ ነው፣ ግን ሰፈሩ ሁለት ጡሩምባ ይነፋል።

ሰብሳቢዋ፦ እንግዲህ እኔና እርስዎ አንድ መዝገብ ላይ ስላለን ይህቺን እንሞክራት። ይጻፉ።

ጸሐፊው፦ (መዝገቡን ይከፍታሉ) ልጻፍ።

ሰብሳቢዋ፦ «የአባል የቤቱ ሰው ደብዛው ሲጠፋ ጡሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ነፍስ ይማርም አይባልም። ከየእምነቱ አንድ አንድ ሰው ተመርጦ በየሳምንቱ ቤቱ ይሄዳል። ቤተሰቡ ለፍለጋ ሲወጣ ተመራጮቹ አብረው ይወጣሉ፤ የመኪናውንና የምሳውን ወጪ እድሩ ይችላል። ገንዘብ ላኩ የሚል ስልክ ሲደወል፣ ከመላኩ በፊት ተመራጮቹ ያጣራሉ።»

ጸሐፊው፦ እስከ መቼ ልበል?

ሰብሳቢዋ፦ እስኪታወቅ።

ጸሐፊው፦ «እስኪታወቅ» ብዬ ብጽፍ ሒሳብ ሹማችን ይጮሃል። በጀት ጫፍ ይፈልጋል።

ሰብሳቢዋ፦ ይጩህ። የድንኳኑ ገመድ ግዢ ስድስት ወር ይቆይ፤ በቋጠሮ እንቀጥለዋለን።

ጸሐፊው፦ እሺ። ደብዳቤውንስ?

ሰብሳቢዋ፦ ደብዳቤውን እሷን እንጠይቃታለን። እንዲጻፍ ከፈለገች እኔም እፈርማለሁ፤ ቄሱንም ለእኔ ይተዉልኝ። ካልፈለገች ግን ወንጌላዊ፣ ለእኛ ኅሊና ብለን የእሷን ስም አንበትንም።

ጸሐፊው፦ ተስማማሁ። በሙሉ ልቤ ባይሆንም።

ሰብሳቢዋ፦ በሙሉ ልብ መች ተስማምተን እናውቃለን።

ጸሐፊው፦ የመጀመሪያዎቹ ተረኞች ማን ይባሉ?

ሰብሳቢዋ፦ እርስዎና እኔ። ረቡዕ።

ጸሐፊው፦ ረቡዕ ማለዳ ይመቸኛል፤ ሁለት ሰዓት ላይ...

ሰብሳቢዋ፦ ማለዳማ አይሆንም። ሁለት ሽማግሌ በማለዳ በሯን ሲያንኳኩ ምን ይመስላታል? መርዶ ይመስላታል፤ በሩ ላይ ትወድቅብናለች። ዘጠኝ ሰዓት ይሁን፣ ቡና በሚፈላበት። ደግሞ ረቡዕ ጾም ነው፤ ቅቤ የነካው ነገር ይዘው እንዳይመጡ።

ጸሐፊው፦ ባለቤቴ ቆሎ ትቆላለች። ዘጠኝ ሰዓት ብዬ ጻፍኩት።